እንግዳ በመጣ ቁጥር በርበሬ ማስፈጨት

የጃቫ ባለሙያዎች የፍጥነት ሙከራ ሲያደርጉ ደጋግመው የሚያነሷት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ስፕሪንግ ፔትክሊኒክ ትባላለች። ሥራዋ የአንድ የእንስሳት ክሊኒክ መዝገብ መያዝ ነው፤ የውሻው ስም፣ የባለቤቱ ስልክ፣ የቀጠሮው ቀን። ይህችው ፕሮግራም ተነስታ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ እስክትዘጋጅ ድረስ ግን ክላስ የሚባሉ 21,000 ያህል የኮድ ክፍሎችን ትጭናለች። የጃቫ አበልጻጊዎች ይፋ ባደረጉት ልኬት፣ በጃቫ 23 ላይ ለመነሳት 4.486 ሰከንድ ወስዶባታል። በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ትእዛዝ የሚፈጽም ማሽን፣ ለአንድ የቀጠሮ መዝገብ አራት ሰከንድ ተኩል ምን ሲሠራ ይቆያል?

መልሱ የሚጀምረው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ቀድሞ በጃቫ ሲጻፍ እያንዳንዱ ክላስ የሚያስፈልገውን ራሱ ይፈጥር ነበር። ቀጠሮ የሚይዘው ክላስ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ኦብጀክት በውስጡ ይሠራል፤ ያኛውም የራሱን ረዳት ይሠራል። ሁሉም እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ አንዱን ነጥሎ መፈተሽም ሆነ በሌላ መተካት ጭንቅ ነበር። መፍትሔው ቀላል ሐሳብ ሆነ፦ ክላሱ «ይህ ይህ ያስፈልገኛል» ብሎ በመፍጠሪያ ክፍሉ፣ በኮንስትራክተሩ፣ ይናገር፣ ፈጥሮ የሚያቀርብለት ሌላ ይሁን። የሶፍትዌር ጸሐፊው ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ አሠራር ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የሚለውን ስም አስለመደ። ፕሮግራመሩ ሮድ ጆንሰን በ2002 ካሳተመው መጽሐፍ የበቀለው፣ ይህን የማቅረብ ሥራ የሚሠራው ስፕሪንግ የተባለ ፍሬምወርክም የመጀመሪያ ሙሉ እትሙን በዚያው በ2004፣ በመጋቢት አወጣ።

አቅራቢው ግን መጀመሪያ ማን ምን እንደሚፈልግ ማወቅ አለበት። ስፕሪንግ ሲነሳ የፕሮግራሙን ፋይሎች ያስሳል፤ አኖቴሽን የሚባለው ምልክት ያለባቸውን ክላሶች ይለቅማል፤ አንድ ፕሮግራም የገዛ አካሉን መመርመር በሚችልበት ሪፍሌክሽን በተባለ መንገድ ኮንስትራክተሮቻቸውን ያነባል፤ ማን ከማን በፊት መፈጠር እንዳለበት ቅደም ተከተል ያወጣል፤ ከዚያ ሁሉንም ፈጥሮ ያገናኛል። ለአንዳንዶቹማ እዚያው አዲስ ወኪል ክላስ ያመነጭላቸዋል። ነገሩን የሚያከብደው ሰዓቱ ነው። የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን መጀመሪያ ላይ ባይትኮድ የተባለውን የጃቫ መካከለኛ ኮድ ትእዛዝ በትእዛዝ እየተረጎመ በዝግታ ይሠራል፤ ደጋግሞ የሚጠራውን ክፍል ለይቶ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ቆይቶ ነው። ስለዚህ የፍሬምወርኩ ከባድ ሥራ የሚወድቀው ማሽኑ ገና ባልሞቀበት ጊዜ ላይ ነው።

በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይቀመማል፣ ወፍጮ ቤት ይወሰዳል። ማንም ቤት ይህን ሁሉ የሚለፋው ለወራት እንዲበቃ አስቦ ነው። ስፕሪንግ ግን በልማዳዊ አሠራሩ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከዛላው ይጀምራል። ኮዱ ከትናንት ወዲህ አልተለወጠም፤ ትናንት የወጣው ቅደም ተከተል ዛሬም ያው ነው። ነገር ግን የትም አልተቀመጠም።

ይህን የመረጡት ሰዎች አልተሳሳቱም። በ2004 ሰርቨር አንዴ ከተነሳ ለሳምንታትና ለወራት ሳይጠፋ ይሠራ ነበር፤ ሲነሳ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ማንም አይቆጥረውም። ነገሩን የለወጠው ክላውድ ነው። አማዞን በኅዳር 2014 ላምብዳን አስተዋወቀ፤ ጥያቄ ሲመጣ የሚነሳ፣ ሥራ ሲያጣ የሚጠፋ ፕሮግራም እየተለመደ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ጃቫም ገባበት። ድሮ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ተደብቆ የነበረው የመነሻ ጊዜ እንግዲህ ተጠቃሚው ስልኩን ይዞ የሚጠብቀው ጊዜ ሆነ።

መውጫው መንገድ የተጠረገው ግን ለስልክ ሲባል ነው። አቅሙ ውስን በሆነ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ሪፍሌክሽን ከባድ ሸክም ነው። ስኩዌር የተባለው ኩባንያ በ2012 ያወጣው ዳገር፣ በኋላም በጉግል እጅ የተሠራው ሁለተኛው እትሙ፣ ምርመራውን ከመነሻ ሰዓት አውጥተው ወደ ኮምፓይል ሰዓት ወሰዱት። ዳገር ማን ምን እንደሚፈልግ ያነብና ሰው በእጁ ሊጽፈው የሚችለውን ዓይነት ተራ የጃቫ ኮድ ያመነጫል። ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚፈለግ ነገር የለም፤ የተጻፈውን መፈጸም ብቻ ነው። እኔን ከፍጥነቱ ይበልጥ የሚማርከኝ ሌላው ጥቅሙ ነው፦ የጎደለ ነገር ካለ ገና ኮምፓይል ሲደረግ ይነግረናል፤ በውድቅት ሌሊት ሰርቨር እስኪወድቅ አያስጠብቅም። ማይክሮናውት በ2018፣ የሬድ ሃት ኳርኩስ በ2019 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሰርቨር አመጡት።

ከዚህም የከረረ መንገድ አለ። የኦራክል ግራልቪኤም መላውን ፕሮግራም አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጠዋል፤ እንዲህ የተሠራ ትንሽ ሰርቨር በሚሊ ሰከንዶች ይነሳል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ግንባታው ደቂቃዎችን ይፈጃል፣ ሜሞሪም በጊጋባይት ይበላል። መሣሪያው በግንባታ ሰዓት ያላየውን ኮድ እንደሌለ ስለሚቆጥር፣ በሪፍሌክሽን የሚጠራ ክላስ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። አንድ አሮጌ ላይብረሪ የክላስ ስም ከፋይል አንብቦ የሚጠራ ከሆነና ያ ስም ካልተመዘገበ፣ ግንባታው በሰላም አልቆ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሳለ ይወድቃል። በስፕሪንግ ላይ የተገነባው ስፕሪንግ ቡት ይህን መንገድ በይፋ የተቀበለው በኅዳር 2022 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው።

ሌሎች ደግሞ እንዲህ አሉ፦ አንዴ የተነሳን ፕሮግራም ሜሞሪው እንዳለ ቀድተን ብናስቀምጠውስ? ክራክ የተባለው የኦፕንጄዲኬ ፕሮጀክትና የአማዞን ስናፕስታርት የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ይጥማል፤ ችግሩ ዝርዝሩ ላይ ነው። ሲቀዳ ክፍት የነበረው የዳታቤዝ ግንኙነት ቅጂው ሲነቃ ሞቶ ይገኛል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የዘፈቀደ ቁጥሮች መነሻ ነው። ምስጢራዊ ቁልፍ የሚወጣበት መነሻ አብሮ ከተቀዳና ካልታደሰ፣ ከአንድ ቅጂ የነቁ መቶ ሰርቨሮች አንድ ዓይነት «ምስጢር» ሊያወጡ ይችላሉ።

ወደ እነዚህ መፍትሔዎች ከመሮጣችን በፊት ግን መለካት ይቀድማል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፍሬምወርኩ ሳይሆን የራሳችን ኮድ ነው፤ በየመነሻው የዳታቤዝ ሰንጠረዦችን የሚያስተካክል፣ ወይም ከሩቅ ሰርቨር መልስ የሚጠብቅ ኮንስትራክተር። ስፕሪንግ ቡት 2.2 ያመጣው «ሲፈለግ ብቻ ፍጠር» የሚል ቅንብርም መነሻውን ያሳጥራል፤ ሥራው ግን አልቀረም፣ ወደ መጀመሪያው ተጠቃሚ ተገፋ እንጂ። ስህተት ካለም የሚገጥመው ያንኑ ሰው ነው። ኮድ እየጻፍን በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ብንጠቀምበት መልካም ነው፤ ለደንበኛ አገልግሎት ግን አልመርጠውም።

ወደ ፔትክሊኒክ እንመለስ። በመጋቢት 2025 የወጣው ጃቫ 24፣ ሌይደን ከተባለው ፕሮጀክት አንድ ስጦታ ይዞ መጥቷል። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ለልምምድ ይነሳል፤ ቨርቹዋል ማሽኑ የትኞቹ ክላሶች እንደተጫኑና እንዴት እንደተያያዙ አይቶ በፋይል ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ከዛላው አይጀምርም። የፔትክሊኒክ ኮድ አንድ መስመር ሳይነካ 4.486 የነበረው 2.604 ሰከንድ ሆነ፤ የ42 በመቶ ቅናሽ ነው። የተቀመጠው ፋይል መጠን 130 ሜጋባይት ነው። ሪፍሌክሽን እንደ ድሮው ይሠራል፤ በልምምዱ ያልታየ ክላስ ቢመጣም ማሽኑ በተለመደው መንገድ ይጭነዋል። በቀሩት 2.6 ሰከንዶች ውስጥ ስፕሪንግ አሁንም ኦብጀክቶቹን ይፈጥራል፣ ያገናኛልም። በመስከረም 2025 የወጣው ጃቫ 25 ደግሞ በልምምዱ ወቅት የትኞቹ ሜቶዶች ደጋግመው እንደተጠሩ መዝግቦ ማቆየት ጀምሯል፤ ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን ክፍል ለመለየት እንደ በፊቱ መጠበቅ የለበትም።