ያውቁ ኖሯል? ኮዴይን በልጆች ጉበት ውስጥ ሞርፊን ይሆናል

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለልጆች በስፋት ይታዘዝ የነበረው ኮዴይን በራሱ ደካማ መድኃኒት ሲሆን፣ ሕመም የሚያስታግሰው በዋነኛነት በጉበት ውስጥ «ሲዋይፒ2ዲ6» የተባለው ኢንዛይም፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ከፊሉን ወደ ሞርፊን ከለወጠው በኋላ ነው። ኢንዛይሙ እንዲመረት የሚያደርገው ዘረመል በአንዳንድ ሰዎች ተደራርቦ ስለሚገኝ፣ እንዲህ ያለ ልጅ የታዘዘለትን መጠን ሳያልፍ እንኳ በደሙ ያለው ሞርፊን በፍጥነት ከፍ ብሎ አተነፋፈሱን ሊያዳክም፣ ብሎም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል፤ ቶንሲሉ የወጣለትና በእንቅልፉ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ልጅ ከሆነማ አደጋው ይብሳል። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ልጅ በአንጻሩ ከመድኃኒቱ እምብዛም እፎይታ አያገኝም።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ወላጆች የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የተደራረበ ዘረመል እንዳላቸው ያሳየ ሲሆን፣ ይህም በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ከሚታየው እጅግ የላቀ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2013 እ.ኤ.አ. ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ኮዴይን ለልጆች እንዳይሰጥ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ካወጣ በኋላ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል የተባለው ሌላ የሕመም ማስታገሻ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሕመም እንዳይሰጡ ከልክሏል።