የአያት ጠመንጃ ዕድሜ ከምን ይታወቃል?

በኢትዮጵያ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈ አሮጌ ጠመንጃ ያላቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለው ቅርስ ወራሹ እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ማሳመር ነው። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ብረቱ ጥቁር ቀለም፣ ሰደፉ ቫርኒሽ ይቀባል። ጠመንጃው ያብረቀርቃል፤ የት አገርና በየትኛው ዓመት እንደ ተሠራ የሚናገረው ጽሑፍ ግን ከዝገቱ ጋር ተፍቆ ይጠፋል። ስለዚህ ከማጽዳት በፊት ማንበብ ይቀድማል።

ከንባብም በፊት ጠመንጃው አለመጉረሱን ማረጋገጥ የግድ ነው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ዞሮ መቀርቀሪያው ይከፈታል፤ ጥይት ማጉረሻውና ካርታው በዓይንም በጣትም ይታያሉ። መቀርቀሪያው በዝገት ተጣብቆ እንቢ ካለ፣ ወይም ውስጡ የተቀረቀረ ጥይት ከታየ፣ በመዶሻም በእሳትም መሞከር አይገባም። ጉዳዩ የፖሊስ እንጂ የቤተሰብ አይደለም።

ማኅተሞቹ የሚገኙት በአብዛኛው በሦስት ቦታ ነው፤ በበርሜሉ የኋላ ጫፍ፣ መቀርቀሪያው በሚመላለስበት የብረት አካል ላይ፣ እንዲሁም በሰደፉ። የደበዘዘ ጽሑፍ ለማንበብ የእጅ ባትሪ ከላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። በላዩ ላይ የጠመኔ ዱቄት አሽቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግም ይረዳል። የታየው ሁሉ በስልክ ፎቶ ይነሣል።

በንባቡ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው የሞዴሉን ዓመት የተሠራበት ዓመት አድርጎ መውሰድ ነው። የፈረንሳዩ ውጅግራ «ሞዴል 1874» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ይህ ግን ንድፉ የጸደቀበት ዓመት ነው። ያ ጠመንጃ ራሱ መቼ እንደ ተሠራ የሚናገረው በበርሜሉ ላይ ለብቻው የተመታው ዓመት ነው። ሁለተኛው መለያ ቁጥርን ዓመተ ምሕረት አድርጎ ማንበብ ነው። ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓ ፋብሪካ የመታው 1917 በእኛ አቆጣጠር 1909 ወይም 1910 እንጂ 1917 አይደለም።

አሮጌዎቹ የጠመንጃ ስሞች ራሳቸው ፍንጭ ይሰጣሉ። «ውጅግራ» የፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» በአገር አፍ የተለወጠ ነው። «ሰናድር» ስናይደር ከሚባለው የፈጠራው ባለቤት ስም የመጣ ሲሆን፣ እንግሊዞች ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታጠቁትና ወደ መቅደላም ይዘውት የመጡት ነው። «ቤልጅግ» አገሩን በግልጽ ይናገራል። ሰናድር ግን አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል፤ ብዙዎቹ በአፈሙዝ ይጎርሱ ከነበሩ የቆዩ ጠመንጃዎች ተለውጠው የተሠሩ ስለሆኑ በጎኑ ያለው ዓመት ከለውጡ ሊቀድም ይችላል።

ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ 11 ሚሊ ሜትር አረር የሚተኩስ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ባለ ብዙ ጥይቱን ለበል ስትታጠቅ ውጅግራው ትርፍ ሆነ፤ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። አሮጌ መሣሪያ ለአፍሪካ መሸጥ የዘመኑ ትልቅ ንግድ ነበር። ገጣሚው አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣቸው 2,000 ያህል ጠመንጃዎች በአውሮፓ ዘመናቸው ያለፈባቸው ነበሩ። ስለዚህ በብረቱ ላይ ያለው ዓመት ጠመንጃው የተወለደበትን እንጂ ኢትዮጵያ የገባበትን አይናገርም፤ በመካከሉ 10 ወይም 20 ዓመት ሊኖር ይችላል።

ወደ ደቡቡ ቆላ ስንመጣ ታሪኩ የራሱ መልክ አለው። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር በ1889 ዓ.ም. ወደ ቦረና ወረደ፤ በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ደግሞ ድንበሩን አሰመረ፤ ሞያሌም የሁለት አገር ከተማ ሆነች። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር በገናሌ ዶርያ ግንባር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገፍቶ ነገሌን ያዘ። በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ጣሊያኖች በእንግሊዝ በኩል ያለውን ሞያሌ ከብበው የእንግሊዝ ጦር ለቅቆ ወጣ፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ሜጋም ሞያሌም ከጣሊያን እጅ ወጡ። ከአምስት ዓመት ጥቂት በበለጠ ጊዜ ውስጥ የኢትዮጵያ፣ የጣሊያንና የእንግሊዝ ጦሮች በዚሁ መንገድ ተመላልሰዋል። በአካባቢው ለሚገኝ አሮጌ ጠመንጃ መጀመሪያ የሚጠየቀውም ከእነዚህ ከማንኛው እጅ እንደ ወጣ ነው።

የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስድስት ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ ተይዞ ከላይ ይጎርሳል። በበርሜሉ የኋላ ጫፍ ላይ የፋብሪካው ከተማ ስም፣ ለምሳሌ ተርኒ ወይም ብሬሽያ፣ እንዲሁም ዓመቱ ይገኛሉ። በፋሺስቱ ዘመን ከተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ከዓመቱ አጠገብ አንድ የሮማውያን ቁጥር ተጨምሯል። ይህ ቁጥር ሙሶሊኒ ወደ ሥልጣን ከመጣበት ከጥቅምት 18 ቀን 1915 ዓ.ም. ጀምሮ የተቆጠረ የአገዛዙ ዓመት ነው። አሥራ አራት የሚል ከሆነ ጠመንጃው ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ወረራው ሲካሄድ ከፋብሪካ የወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቤተሰብ ትረካና የብረቱ ጽሑፍ ሊጋጩ ይችላሉ። «የአድዋ ጠመንጃ ነው» የተባለው 1917 የሚል ማኅተም ከተገኘበት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሊኖር አይችልም። ቅድመ አያት ግን አድዋ ዘምተው፣ ልጃቸው ያንን ጠመንጃ ከ40 ዓመት በኋላ ከጠላት እጅ ማርኮ ሊሆን ይችላል። ሁለት ትዝታዎች በአንድ ዕቃ ላይ ሲደራረቡ ብረቱ ይለያቸዋል እንጂ አንዳቸውንም አያዋርድም።

የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ለማንበብ ይቀላል። ከመቀርቀሪያው ኋላ፣ ሰደፉን በሚያቅፈው የብረት ቀለበት ቀኝ በኩል ዘውድ፣ ከሥሩ የንጉሡ ስም ፊደላት፣ የፋብሪካው ስምና ዓመቱ በቅደም ተከተል ተመትተዋል። የቀስት ጫፍ የመሰለ ምልክት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረትነትን ያሳያል። በሕንድ ኢሻፑር የተሠሩትም በዚሁ ቦታ ተጽፎባቸዋል። የመቀርቀሪያው ቁጥርና የአካሉ ቁጥር ከተለያዩ ግን አንደኛው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው፤ ይህም ለታሪኩ ብቻ ሳይሆን ለደኅንነትም ማስጠንቀቂያ ነው።

ከቤልጅጎቹ መካከል በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለኢትዮጵያ የተሠሩ፣ ከጥይት ማጉረሻው በላይ ባለው ብረት ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው ማውዘሮች አሉ። በእነዚህ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ማሳረፍ የአገር ማኅተም መፋቅ ነው።

ይህ ዘመንን ከጽሑፍ የማውጣት ዘዴ በጦር መሣሪያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአሜሪካ የልጆች የአየር ጠመንጃ ሰብሳቢዎችም የሚሠሩት በዚሁ ነው። ታዋቂው ዴዚ የተወለደው በሚሺጋን ፕሊመዝ ከተማ ለገበሬዎች የነፋስ ውኃ መሳቢያ በሚያመርት ፋብሪካ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ መሳቢያውን ለገዛ ገበሬ የአየር ጠመንጃው በምርቃት ይሰጥ ነበር። ፋብሪካው በ1958 እ.ኤ.አ. ወደ አርካንሶ ሮጀርስ ከተማ ተዛወረ። ስለዚህ በብረቱ ላይ ፕሊመዝ የሚል አድራሻ ያለው ከዚያ በፊት፣ ሮጀርስ የሚል ያለው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ተፍቆ አዲስ ቀለም የተቀባው በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወርዳል፤ አድራሻው የጠፋውማ ዕድሜውም አከራካሪ ይሆናል።

ወደ ጥገናው ስንመለስ ዋናው ጥበብ ጥቂት መንካት ነው። ቡናማና ጠንካራ ሆኖ በብረቱ ላይ የተኛው ሽፋን የዕድሜ ቀለም ስለሆነ ይተዋል። መወገድ ያለበት በጣት ሲነካ ቀይ ዱቄት የሚተወው፣ አሁንም ብረቱን እየበላ ያለው ዝገት ነው። ቀጭን የማሽን ዘይት ነክሮ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ማቆየት፣ ከዚያም በሻካራ ጨርቅ ወይም በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። የመኪና ባትሪ አሲድ፣ መፍጫ ማሽንና የብረት ሞረድ በአጠገቡ አይደርሱም። ባሩድ ያቆሸሸው በርሜል እርጥበት ስለሚስብ ከውስጥ በዘይት መጠረግ አለበት።

ቅቤ ወይም ሞራ መቀባት ለጊዜው ያወዛል፤ ሲበላሽ ግን አሲድ ፈጥሮ ናሱን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። ጠመንጃን በቆዳ ሰገባ ውስጥ ዘግቶ ማኖርም እንደዚሁ ነው፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ነገርም ብረቱን ያዝገዋል። የምድጃ ጢስም ለብረት ወዳጅ አይደለም። የቆላው ደረቅ አየር ለብረት የተመቸ ቢሆንም ዝናብ ሲገባ ዘይቱን ማደስ ያስፈልጋል።

ለእንጨቱ ከፋብሪካ ቫርኒሽ ይልቅ የተልባ ዘይት ይሻላል፤ በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ ለቀናት ይደርቃል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መነከር አለበት። ሰደፉ ላይ የተቀረጸ ስም ወይም መስቀል፣ የተመታ የናስ ምስማር፣ የተሰነጠቀውን እንጨት ያሰረ ጥሬ ቆዳ ጉድለት አይደሉም። ፋብሪካው የማያውቀውን፣ ጠመንጃው በባለቤቱ እጅ የኖረውን ዘመን የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው።

የታደሰ ጠመንጃ ለመተኮስ የተዘጋጀ ጠመንጃ አይደለም። የውጅግራና የሰናድር ብረት ለጥቁር ባሩድ ግፊት የተሠራ ነው። የጣሊያኑ ቬተርሊ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲጎርስ ሲለወጥ፣ አሮጌው አካሉ ከጥይቱ ኃይል ጋር አልተመጣጠነም። ጥይቱ ልኩ ስለሆነ ብቻ መሞከር መቀርቀሪያውን ወደ ተኳሹ ፊት መጋበዝ ነው።

የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። በመሆኑም ጠመንጃውን ወደ ባለሙያ ከመውሰድ፣ ከመሸጥ ወይም ከቦታ ወደ ቦታ ከማንቀሳቀስ አስቀድሞ የወረዳውን ፖሊስ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሞያሌ ላይ ደግሞ መንገድ መሻገር አገር መሻገር ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ከውጭ መጣሁ ባይ ገዢ ለአንበሳ ማኅተሙ ጥሩ ዋጋ ሲጠራም ይኸው ሕግ ይሠራል።

በመጨረሻ የሚቀረው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። የማኅተሞቹ ፎቶና መለያ ቁጥሩ፣ ጠመንጃውን መጀመሪያ የያዘው ሰው ስም፣ ከማን እንዳገኘው፣ የት እንደ ዘመተበትና ከእርሱ በኋላ ለማን እንዳለፈ ይጻፋል። የሚያስታውሱ ሽማግሌ በሕይወት ካሉ ድምፃቸው በስልክ ይቀዳል፤ ብረቱ ፋብሪካውንና ዓመቱን ይናገራል እንጂ የባለቤቱን ስም አያውቅም።