ዐይን ያሳነሰው ግዙፍ፦ ስለ አር ዶራዱስ ኮከብ



በታኅሣሥና በጥር ምሽቶች ከከተማ መብራት ርቆ ወደ ደቡብ አድማስ የሚመለከት ሰው አስቀድሞ የሚያየው ካኖፐስ የተባለውን ደማቅ ኮከብ ነው። ከእርሱ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ፣ ዶራዶ በተባለው የክዋክብት ስብስብ ውስጥ፣ አር ዶራዱስ የሚባል ፈዛዛ ኮከብ ይገኛል። ድምቀቱ ይለዋወጣል። በደመቀ ጊዜ ጥርት ባለ ሰማይ ያለ መሣሪያ ይታያል፤ በፈዘዘ ጊዜ ግን ከዐይን ይሰወራል።

ይሁንና በ1997 እ.ኤ.አ. የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በቺሊ በሚገኝ ቴሌስኮፕ ስፋቱን ሲለኩ ያልተጠበቀ ውጤት አገኙ። ከምድር ሲታይ፣ ከፀሐይ በቀር፣ ከታወቁት ክዋክብት ሁሉ ሰፊው ገጽ የእርሱ ሆነ። ይህን ማዕርግ ቀድሞ ይዞ የነበረው ዝነኛው ቤትልጁስ ነበር። ስፋቱ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት እንደሚታይ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ብቻ ነው። ኮከቡ ወደ 180 የብርሃን ዓመት ስለሚርቀን፣ እውነተኛው ስፋቱ የፀሐይን 350 ጊዜ ያህል ይሆናል። በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ምድራችን በውስጡ ትቀር ነበር።

እንግዲህ ይህን ያህል ግዙፍና ቅርብ ከሆነ ስለ ምን ፈዘዘ? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የገጹ ሙቀት 2,400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የፀሐይ ግን 5,500 ይደርሳል። እንዲህ የቀዘቀዘ አካል አብዛኛውን ኃይሉን የሚረጨው ዐይናችን በማያየው ኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ሁለተኛ፣ በከባቢ አየሩ ያሉ እንደ ቲታኒየም ኦክሳይድ ያሉ ሞለኪውሎች የሚታየውን ብርሃን ይውጡታል። በኢንፍራሬድ መሣሪያ ሲታይ ግን ከሰማይ እጅግ ደማቅ ክዋክብት አንዱ ነው። ስለዚህ «ደማቅ» ስንል «በየትኛው ጨረር?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአልማ ሬዲዮ ቴሌስኮፖች ገጹን ደጋግመው አነሡ፤ ውጤቱም በተከታዩ ዓመት ታተመ። እያንዳንዳቸው ፀሐይን 75 ጊዜ የሚበልጡ ግዙፍ የጋዝ አረፋዎች፣ በምጣድ ላይ እንደሚፈላ ውኃ፣ ከውስጥ ግለው ሲወጡና ቀዝቅዘው ሲሰምጡ ታዩ። ዑደታቸው አንድ ወር ያህል ነው። ይህም በፀሐይ ላይ ከምናውቀው ተነሥተው ባለሙያዎች ከገመቱት የፈጠነ ነው። የልዩነቱ ምክንያት ገና አልተፈታም፤ ከእናንተ መካከል ለሚመራመር ክፍት ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የሩቅ ኮከብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአር ዶራዱስ ግዝፈተ ቁስ ከፀሐይ ጋር ተቀራራቢ ነው። ፀሐይም ከ5 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በኋላ በማዕከሏ ያለው ሃይድሮጂን ሲያልቅ እንዲሁ ታብጣለች፤ ትቀላለችም። ኋላም የውጭ ሽፋኗን ወደ ጠፈር ትበትናለች። ስለሆነም ይህን ፈዛዛ ነጥብ ስናጠና የራሳችንን ፀሐይ እርጅና አስቀድመን እያነበብን ነው።