«ሞገድ»፣ «ድግግሞሽ»፣ «ባንድ»፤ በሳተላይት ቴሌቪዥን ስያሜዎች ላይ የቀረበ ማብራሪያ

ስለ ሳተላይት ቴሌቪዥን ስርጭት የተጻፉ ሰነዶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ «ሞገድ» የሚለው ቃል ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ይታያል። ሞገዱን ራሱን፣ በሰከንድ የሚደጋገምበትን መጠን፣ ለአገልግሎቱ የተመደበውን ወሰንና ስርጭቱ የሚተላለፍበትን መስመር ሁሉ ይወክላል። ይህም አንዳንድ ጊዜ ሐሳቡን እስከ መገልበጥ ይደርሳል።

ለዚህ ስርጭት በብዛት የሚመረጡት ሲ ባንድና ኬዩ ባንድ ናቸው። ከሳተላይት ወደ ምድር ሲወርድ የመጀመሪያው 4፣ ሁለተኛው 12 ጊጋኸርዝ ገደማ ነው። የሞገዳቸው ርዝመት በቅደም ተከተል 7.5 እና 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ድግግሞሹ ከፍ ሲል ሞገዱ ያጥራል ማለት ነው። ኬዩ ባንድ በትንሽ ዲሽ ይያዛል፤ ከባድ ዝናብ ግን በይበልጥ ያዳክመዋል። ሲ ባንድ ዝናብን ይቋቋማል፤ ሰፊ ዲሽ ግን ይጠይቃል። እንግዲህ መሐንዲሱ ዝናብ ለሚበዛበት አገር የመረጠውን «ዝቅተኛ ድግግሞሽ» ተርጓሚው «ዝቅተኛ ሞገድ» ቢለው፣ አንባቢው አጭር ሞገድ መስሎት የምክሩን ተቃራኒ ሊረዳ ይችላል። ኬዩ ባንድን «አጭር ሞገድ» ማለትም አይበጅም፤ የሬዲዮ አድማጭ በዚህ ስም የሚያውቀው የ25 ወይም የ31 ሜትር ባንድን ነውና።

«ባንድ»ን በ«ክልል» መተካት ማራኪ ይመስላል። ሆኖም ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ክልሎች ስለሚከፍል፣ አንዱ ቃል ለመልክዓ ምድርም ለድግግሞሽም ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1977 በጄኔቭ የወጣው ዕቅድ አፍሪካንና አውሮፓን ለሚያጠቃልለው ክልል 1 ከ11.7 እስከ 12.5 ጊጋኸርዝ ያለውን ባንድ መድቦ በ40 መስመሮች ከፋፍሎታል፤ እያንዳንዱ መስመርም የራሱ ማዕከላዊ ድግግሞሽ አለው። በዚህ ዐረፍተ ነገር «ክልል»ን ለሁለቱም ብናውል ግራ መጋባቱ ግልጽ ነው።

ስለሆነም የሚከተለውን እናቀርባለን፤ ለመጠኑ «ድግግሞሽ»፣ ለወሰኑ «ባንድ»፣ ለክፍልፋዩ «መስመር»፣ ለመልክዓ ምድሩ «ክልል»። «ጣቢያ» ለአሰራጩ ድርጅት ይቆይ፤ ዛሬ በአንድ መስመር ብዙ ጣቢያዎች ይተላለፋሉና። «ባንድ» አንድ እንከን አለው፤ «ባንድ ድግግሞሽ» ሲጻፍ «በአንድ ድግግሞሽ» ተብሎ ይነበባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ዘወትር «በአንድ» ብሎ አሟልቶ መጻፍ፣ ስያሜውንም «የድግግሞሽ ባንድ» ብሎ በዘርፍ ማስከተል ነው።