ከጅረት ድንጋይ ሥር የምትኖረው ነፍሳት

ከተራራ የሚወርድ ጅረት ቀዝቃዛና ፈጣን ነው። ከውስጡ አንድ ድንጋይ አንስተን ሥሩን ብናይ ትናንሽ ነፍሳት ሲርመሰመሱ እናገኛለን። ብዙ ሰው “ትል ነው፣ ውሃው ተበላሽቷል” ይላል። አልቅት ነው ብሎ የሚፈራም አለ። ግን አይደለም። አልቅት እግር የለውም፤ እነዚህ ስድስት እግር አላቸው። ደምም አይመጡም።

ከእነዚህ አንዷን “የአንድ ቀን ዝንብ” እንበላት። በውሃ ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ትኖራለች፤ የድንጋዩን ልጋግ እየፋቀች ትበላለች። ክንፍ አውጥታ ስትበር ግን መብያ አፍ የላትም። ተራክባ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ በጥቂት ሰዓት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ትሞታለች። የሚገርመው፣ ክንፍ ካወጣች በኋላ አንድ ጊዜ ደግማ ቆዳዋን ትገፋለች። ዛሬ ካሉት ነፍሳት ሌላ ይህን የሚያደርግ የለም።

እንዴት እንለያታለን? ገበሬ ሲያርም ስናርን ከስንዴ ይለያል። ሁለቱ ዛላ ሳያወጡ ይመሳሰላሉ፤ እሱ ግን ቅጠሉ ከአገዳው የሚገናኝበትን አይቶ ያውቀዋል። የነፍሳት ምሁርም ሥራው ይኸው ነው። በነጭ ሳህን ውሃ አድርገን እንልቀቃት። ጭራዋ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው፤ ሁለት ያላትም ስላለች ጭራ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ከሆዷ ግራና ቀኝ እንደ ቅጠል የሚርገበገቡ ስስ ነገሮች አሉ። መተንፈሻዎቿ ናቸው። በእያንዳንዱ እግሯ ጫፍ ያለው ጥፍርም አንድ ብቻ ነው። ጥፍሩ ሁለት ከሆነ ሌላ ነገድ ነው።

ከዚያ ቤተሰቧን እንፈልጋለን። ጠፍጣፋ ሆና ዓይኖቿ ከአናቷ ላይ ከሆኑ አንድ ቤተሰብ ነው። ቀጭን ሆና እንደ ዓሣ ሽው የምትል ከሆነ ባቲዴ የሚባለው ነው።

ዝርያዋን መለየት ግን በዓይን አይሆንም፤ አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ይፈልጋል። አፏና የጥፍሯ ጥርሶች ይመረመራሉ። ለእንስሳት ሁለት ሁለት ስም መስጠት የጸናው በስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ አንዱ የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው። በ1932 ባርናርድ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ምሁር አንዷን ባቲስ ሃሪሶኒ አላት። ከዚያ ወዲህ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተገኙ መሳዮቿ በዚሁ ስም ተጠሩ። በ2012 የታተመ ጥናት ግን የደቡብ አፍሪካዎቹን ዘረ መል ቢመረምር፣ አንድ የተባለችው በውስጧ የተለያዩ ዘሮች ያሉባት ሆና ተገኘች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዷ የቆሸሸ ውሃ ስትችል ሌላዋ ካልቻለች፣ አንድ ናቸው ያለ ሰው ስለ ውሃው የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል።

የእኛም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ነፍሳት ብዙዎቹ ቆሻሻና መርዝ አይችሉም። የፀረ ተባይ መርጫ በጅረት ከታጠበ ከከብቱም ከሰውም ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ከመታጠቢያው በላይና በታች ድንጋይ አንስተን እናወዳድር። ከላይ ዓይነታቸው በዝቶ ከታች ባዶ ከሆነ፣ ከመታጠቢያው በታች ውሃ አንቅዳ፤ ከብትም አናጠጣ። ደግሞ ነፍሳቱ አሉ ብለን ሳናፈላ አንጠጣ፤ የበሽታ ጀርም እነሱ ባሉበትም ይኖራል። ማወዳደሩን ጎርፍ በወረደ ማግሥት ባናደርገው ይሻላል፤ ኃይለኛ ጎርፍ የላዩንም የታቹንም ጠርጎ ይወስዳቸዋል።