ልጅ አባቱን ይተካልን?
ስለ አዲሱ የልጆች መጫወቻ መሣሪያ

የታላቅ ሰው ልጅ የአባቱን ስምና ርስት ሊወርስ ይችላል፤ የሕዝብን ፍቅር ግን ራሱ ሠርቶ ካላገኘው የሚያወርሰው የለም። ይህን የሚመስል ነገር በልጆች መጫወቻ ላይ ደርሶ ስላየን፥ ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ልንገልጸው ወደድን።

በቅርቡ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ወርደን በአንድ ሹም ወዳጃችን ቤት አድረን ነበር። ከእራት በኋላ ወዳጃችን፥ «በአሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ለልጄ የጨዋታ መሣሪያ ሊልክለት አስቧል። ልጁ አዲሱን ኒንቴንዶ ስዊች 2 ይለምናል፤ ወንድሜ ግን የፊተኛው በዋጋ ይቀላል ይላል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ብለው ጠየቁን። ልጁም ከበሩ ኋላ ቆሞ ያደምጥ ነበር።

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በነገሡበት በ1882 ዓ.ም. በኪዮቶ ከተማ የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመ ነው። ስዊች የተባለውን መሣሪያ የካቲት 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አወጣ። በቤት ከቴሌቪዥን ጋራ ተገናኝቶ፥ በመንገድም በእጅ ተይዞ ስለሚያጫውት፥ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ተከታዩ ስዊች 2 ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጥቶ በ4 ቀን ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ፥ እስከ መስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ነገር ግን ፈጥኖ የተነሣ ሁሉ እስከ መጨረሻ አይዘልቅም። የዚሁ ኩባንያ ዊ የተባለው መሣሪያ በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፥ በ2005 ዓ.ም. የተከተለው ዊ ዩ በ13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ቀረ። ስሙ ከፊተኛው ጋራ ስለ ተመሳሰለ ብዙ ሰው አዲስ መሣሪያ መሆኑን አላስተዋለም፤ ጨዋታ የሚሠሩለትም ጥቂቶች ሆኑ።

የሶኒ ኩባንያ ታሪክ ደግሞ ሁለቱንም ያሳያል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 የአባቱን ጨዋታዎች ስለሚያጫውትና ፊልምም ስለሚያሳይ፥ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ አባቱን በለጠ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው ግን በአሜሪካ 499 እና 599 ዶላር ስለ ተጠየቀበት፥ በመጨረሻው ከ87 ሚሊዮን ጥቂት ቢያልፍ ነው። በአገራችንም ወጣቶች እየከፈሉ ኳስ በሚጫወቱባቸው ቤቶች፥ አሮጌው መሣሪያ አዲሱ ከወጣ በኋላ ብዙ ዘመን ማገልገሉን አንባቢ ያውቃል።

በዚህ ሚዛን ብንመዝነው፥ ስዊች 2 የአባቱን ጨዋታዎች አብዛኞቹን ማጫወቱና ስሙ በቁጥር መለየቱ ይረዳዋል። በሌላ ወገን የፊተኛው በወጣ ጊዜ 300 ዶላር ሲሆን፥ አዲሱ 450 ዶላር ተጠየቀበት። ከዚህም በላይ የፊተኛው ብዙ የተሸጠው በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ሰው ሁሉ በቤቱ በተቀመጠ ጊዜ ነው፤ እንዲህ ያለ ዘመን ደግሞ ተመልሶ እንዲመጣ የሚመኝ የለም። ስለዚህ አዲሱ መልካም ስፍራ ያገኛል ብለን ብናስብም፥ ከአባቱ ቁጥር መድረሱ ቀላል አይመስለንም።

ለወዳጃችን ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነበር። መብራት በሚጠፋበት አገር የባትሪው ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። ኩባንያው እንደሚገልጸው፥ አዲሱ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ሲቆይ፥ በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው የፊተኛው ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ፥ «የፊተኛውን ያስመጡ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለመጻሕፍት ያድርጉት» አልናቸው።

ይህን ጊዜ ልጁ ያለቅሳል ብለን ስንፈራ፥ ከበሩ ኋላ ወጥቶ እጅ ነሣና፥ «አባባ፥ የፊተኛውም ቢሆን መያዣው ለሁለት ይከፈላል ይባላል፤ ሁለተኛውን እርስዎ ይይዙልኛልን?» አለ። ወዳጃችን ጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከሥራ ብዛት የተነሣ ከልጃቸው ጋራ ገበጣ እንኳ የተጫወቱበትን ቀን ማስታወስ እንዳልቻሉ በኋላ ነገሩን። በመጨረሻም፥ «እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ እይዝልሃለሁ» ብለው ቃል ገቡለት።

እኛም ከቡሬ ስንመለስ ይህን አሰብን፤ መሣሪያው በየጥቂት ዓመቱ ተተኪ ይወጣለታል፤ ከልጁ አጠገብ የሚቀመጠውን አባት ግን የሚተካው መሣሪያ የለም።