ሐውልት ለሌለው ወታደር፦ የእርስ በርስ ጦርነት ሙታንና መታሰቢያቸው



ቆሰበር በሚለው ስሟም በምትታወቀው እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞቹ ማኅበር የዓድዋ ዘማቾችንና የፈረሶቻቸውን ውለታ ያዘክራል። ቅድመ አያቱ በዓድዋ የወደቀበት ሰው በዚያ ቀን በአደባባይ ይኮራል። አያቱ ከወገኑ ጋር ሲዋጋ የሞተበትስ የት ቆሞ ያስበው?

በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸውን ወጣቶች ይመለከት ነበር። በ1980 ዓ.ም. በአፍዓበት፣ በ1981 ዓ.ም. በሽሬ፣ በ1982 ዓ.ም. በምጽዋ ብዙዎች ወደቁ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ሠራዊቱም ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በመቀሌና በባሕር ዳር የቆሙት የሰማዕታት ሐውልቶች ደርግን ሲታገሉ የሞቱትን ያስባሉ፤ በማዶው ምሽግ የወደቀው ወታደር መታሰቢያ ግን በአብዛኛው ለቤተሰቡ ተተወ።

ቤተሰቡ የቆየ ሥርዓት አለው። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ልብስና መሣሪያ፣ ፈረስ ካለውም የተጫነ ፈረሱ፣ በአልቃሾች ፊት ይቀርባል፤ ዕቃው አካሉን ይተካል። ቀጥሎ ተዝካር ይወጣለታል። ቃሉ «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን መታሰቢያ ማለት ነው። በጸሎቱ ሟቹ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ማዕረጉም ሆነ የተሰለፈበት ወገን አይነሣም። ሐውልት «ለማን ሞተ?» ብሎ ይለያል፤ ተዝካር «የማን ልጅ ነበር?» ብሎ ይሰበስባል።

እንግዲህ አያትን ማክበር የዘመተበትን ዓላማ ማጽደቅ አይደለም። ወዶም ሆነ ተገዶ የዘመተ ሰው ለቤቱ ያው ልጅ ነው፤ በእርሱ ጥይት የወደቀውም የሌላ ቤት ልጅ ነበር። ሁለተኛውን የሚረሳ መታሰቢያ የጦርነቱን ግማሽ ብቻ ያስታውሳል።

ተዝካር ግን አንድ ድካም አለው፤ አስታዋሹ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። መርዶውን የሰሙት እናቶችና እኅቶች አርጅተዋል፤ መርዶ ያልደረሰው ቤት ደግሞ ለቅሶውን እንኳ በወጉ አልጀመረም። ስለዚህ በየቤታችሁ የሟቹን የክርስትና ስም፣ የትውልድ መንደር፣ የዘመተበትን ዓመትና መርዶው የመጣበትን መንገድ ጠይቃችሁ መዝግቡ። የተረጋገጠውን ከሚባለው ለዩ፤ የሸሸውንም፣ የተማረከውንም እንደ ጀግናው እኩል ጻፉ። አደባባይ ያላገኘ ሟች ቢያንስ መዝገብ ይገባዋል።